ልጅዎን «እንዲህ ነው» ከማለትዎ በፊት

በየቤታችን በየቀኑ ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል እኛ ራሳችን ሥራ ነው ብለን የማንቆጥረው አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም የሰውን ጠባይ መመዘን ነው። እናት ቡና እየቆላች «ይኼኛው ቁጡ ነው፤ ያችኛዋ ዝምተኛ ናት፤ ትንሹ ግን ቅን ነው» ትላለች። አባት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «ይህ ልጅ መቼም የአጎቱን አመል ወርሶ ቀረ» ይላል። መምህሩ በክፍሉ፣ አለቃው በመሥሪያ ቤቱ፣ ጎረቤትም በአጥር በኩል ሆነው ይኸንኑ ያደርጋሉ።

ሰውን ማወቅና ለጠባዩ ስም መስጠት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አብሮ ለመኖር፣ ሥራ ለመከፋፈል፣ ለልጅም የሚስማማውን አያያዝ ለማግኘት ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው በችኮላ የተሰጠው ስም ተጣብቆ ሲቀር ነው። «አፍ የላትም» የተባለች ልጅ አንድ ቀን እንኳ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳትቆም ዓመቱ ያልቃል። «ይህ ለትምህርት አልተፈጠረም» የተባለ ልጅ ገንዘብ ባጠረ ጊዜ ከትምህርት ቤት እንዲቀር የሚታሰበው መጀመሪያ እሱ ነው። «ዱርዬ» የተባለውም፣ ቢታረም የሚያምነው እንደሌለ ሲያይ፣ ስሙን ወደ መምሰል ያዘነብላል። ስለዚህ ጉዳዩ የቃላት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልጅ ዕድል ጉዳይ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሰውን ሰብዕና ለማወቅና ለመለካት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ከዚህ ድካም ውስጥ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶም ሆነ በሌላ ከተማ ለምትኖር እናትና ሠራተኛ የሚጠቅመውን ነገር እንመለከታለን።

ሁለት ተረቶች በአንድ ቤት

አማርኛችን ስለ ጠባይ አመጣጥ ሁለት የማይስማሙ ተረቶች አሉት። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ሁለተኛው ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር የሚነገረው ሲሆን መጨረሻውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ጠባይ ከዘር ይወረሳል ሲል፣ ሁለተኛው ከባልንጀራና ከውሎ ይለመዳል ይላል። አንዲት እናት በአንድ ቀን ሁለቱንም ልትጠቅስ ትችላለች፤ ጠዋት በባሏ ቤተሰብ ስትናደድ የመጀመሪያውን፣ ማታ ልጇ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲያመሽ ሁለተኛውን።

ሊቃውንቱም የተከራከሩት በዚሁ ነገር ላይ ነው። በተለይም ከአንድ ዕንቁላል የተወለዱ መንትዮችን ከሌሎች መንትዮችና ወንድማማቾች ጋር በማነጻጸር ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል። ጥናቶቹ በጥቅሉ እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል ከሚታየው የሰብዕና ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው ከአስተዳደግ፣ ከኑሮ፣ ከሕመም፣ ከጓደኛ፣ ከአጋጣሚም ይመጣል። ይህ ቁጥር ግን ስለ ብዙ ሰዎች ልዩነት የሚናገር እንጂ «የእርስዎ ልጅ ግማሹ የአባቱ ነው» ማለት አይደለም። እንግዲህ ሁለቱም ተረቶች እውነት አላቸው፤ ስሕተቱ አንዱን ብቻ ይዞ በልጅ ላይ መፍረድ ነው።

የጥንት ሚዛኖች

ሰው ጠባይን መመዘን የጀመረው ዛሬ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ሐኪም ጋሌን የሰው ጠባይ በሰውነቱ ውስጥ ካሉት አራት ፈሳሾች፣ ማለትም ከደም፣ ከአክታ፣ ከቢጫ ሐሞትና ከጥቁር ሐሞት ብዛትና ማነስ የመጣ ነው ይል ነበር። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተፈጠረ ነው ብለው ያስተምራሉ። ዛሬም ቢሆን ቁጡውን ሰው «እሳት ነው» የምንለው ይኸንኑ የመሰለ አስተሳሰብ በቋንቋችን ውስጥ ስላለ ነው።

ከዚህም ሌላ በአውደ ነገሥት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ ድምሩን ለ12 ገድፎ፣ ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን በማግኘት ጠባዩን መናገር የቆየ ልማድ ነው። በመጫ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የራሱ «አያና» አለው፤ ጠባዩም ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ምዕራብ ሸዋ የመጫ አገር እንደ መሆኑ መጠን ብዙ አያቶች ይህን ሲናገሩ የሰማ ልጅ ዛሬም አይጠፋም።

እነዚህ ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለጋቸው ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ እውነት መሆኑን ግን በምን እናረጋግጣለን? በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ይህን የሚመለከት አስገራሚ ሙከራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1949 አሳትሞታል። ለ39 ተማሪዎቹ የሰብዕና መመርመሪያ ሰጥቶ ከሰበሰበ በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ይህ የአንተ ጠባይ ነው» የሚል ጽሑፍ አደላቸው። ተማሪዎቹም ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚመስላቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ በአማካይ 4.26 ሰጡ። ነገሩ ሲገለጥ ግን የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውም የተቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «አንዳንድ ጊዜ ተጫዋች ነህ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ብቻህን መሆን ትወዳለህ» የሚል ቃል ለማን አይሆንም?

ይህን ማወቅ ዛሬ ይበልጥ ይጠቅማል። በስልክ ላይ «የምትወደውን ቀለም ምረጥና ጠባይህን እንነግርሃለን» የሚሉ ጨዋታዎች በዝተዋልና። ልጆችዎ ቢጫወቱባቸው ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን የትምህርት መስክ ወይም ጓደኛ የሚመረጥባቸው አይደሉም።

ሊቃውንቱ ምን አሉ?

የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ የሰው ሰብዕና መሠረቱ በልጅነት እንደሚጣልና ሰው ራሱ በማያውቃቸው ስሜቶች እንደሚመራ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ፣ የማይታየውን ትተን የሚታየውን እንይ፤ ጠባይ ማለት በሽልማትና በቅጣት የተለመደ አድራጎት ነው አሉ። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው አሜሪካዊ ግን ወደ ቋንቋ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከባልደረባው ጋር ሆኖ ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሰውን ጠባይና ሁኔታ የሚገልጹ 18 ሺህ ያህል ቃላት ለቀመ። ከእነዚህም ውስጥ የጸና ጠባይን የሚያመለክቱት 4,500 ያህል ነበሩ።

በዚሁ መንገድ የሄዱ ተመራማሪዎች ቃላቱን እያቧደኑ በመጨረሻ አምስት ታላላቅ ዘርፎች ላይ ደረሱ። እነርሱም ከሰው ጋር መቀላቀልን መውደድ፣ ገርነትና ለሰው ማሰብ፣ ሥራን በሥርዓትና በጥንቃቄ መያዝ፣ ቶሎ መጨነቅና መከፋት፣ ለአዲስ ሐሳብም ልብን መክፈት ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሰው በአምስት ዓይነት ሣጥን የሚከፈል አለመሆኑ ነው። እያንዳንዳችን ከአምስቱም አለን፤ የምንለያየው በመጠኑ ነው። አብዛኛው ሰውም በመካከል ነው የሚገኘው፤ ጫፍ ላይ ያለው ጥቂት ነው።

የመለኪያውም ዓይነት ብዙ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ሮበርት ውድዎርዝ ጭንቀት የሚያጠቃቸውን ወታደሮች ለመለየት «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ የጥያቄ ወረቀት አዘጋጀ። የስዊስ ሐኪም ኸርማን ሮርሻክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 የቀለም ነጠብጣብ ያለባቸው 10 ካርዶች አሳተመ፤ ተመርማሪው በነጠብጣቡ ውስጥ ምን እንደሚታየው ይጠየቃል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን የጥያቄ ወረቀቱ፣ ቃለ መጠይቅና የሰውየውን አድራጎት በዓይን መከታተል ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ በአንዱ ብቻ አይፈርድም።

አንድ ልጅ፣ ብዙ ቦታ

ከሁሉም በላይ እናቶች ሊያውቁት የሚገባው፣ የሰው ጠባይ እንደ ቦታው የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሂዩ ሃርትስሆርንና ማርክ ሜይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በፈተና፣ በጨዋታና በቤት ሥራ ላይ ያታልሉ እንደ ሆነ መርምረው ነበር። በፈተና ያታለለው ልጅ በጨዋታ ላይ ታማኝ ሆኖ ተገኘ፤ በጨዋታ ያታለለውም በሌላው ቦታ አላታለለም። ልጆቹን «ታማኝ» እና «አታላይ» ብሎ ለሁለት መክፈል አስቸጋሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ዋልተር ሚሼል የተባለ ሊቅ ይህንና የመሳሰሉትን ጥናቶች ሰብስቦ፣ አንድን አድራጎት ከሰውየው ጠባይ ብቻ ተነሥቶ አስቀድሞ መናገር እንደማይቻል አሳሰበ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የተስማሙበት አሳብ፣ አንድ ቀን የታየ አድራጎት ጠባይን አይናገርም፤ ብዙ ቀንና ብዙ ቦታ የታየ ግን ይናገራል የሚል ነው።

ይህንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጉደር ከተማ ሁለት ጎረቤታሞች ቡና ላይ ተቀምጠዋል እንበል።

«አንቺ፣ ይቺ ልጅሽ መቼም አፍ የላትም። ገበያ ላይ አግኝቻት ሰላም ብላት አንገቷን ደፍታ አለፈች» ይላሉ ትልቋ።

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎን አፍራ ነው እንጂ እኛ ቤትማ ማን ያስቆማታል! ከእኅቷ ጋር ስትሆን ጣራው ነው የሚነሣው» ትላለች የልጅቷ እናት።

ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ትልቋ ያዩት በታላቅ ሰው ፊት ያለችውን ልጅ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ከእኅቷ ጋር ያለችውን። የሁለቱ ምስክርነት ሲደመር ልጅቷ የት እንደምትናገርና የት እንደምትሸሽ ይታወቃል።

ቋንቋና ይሉኝታ

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙ ልጆች ከአያታቸው ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ግን የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። በአንዱ ቋንቋ ተረት የሚያወራና የሚያስቅ ልጅ፣ በሌላው ሲጠየቅ ቃሉን እየፈለገ ሊንተባተብ ይችላል። ይህን ያየ ሰው «ፈሪ ነው» ወይም «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» ቢል የተሳሳተ ፍርድ ነው። የዘገየው ቋንቋው እንጂ ልቡ አይደለም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። «ያንግ ላይቭስ» በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአገራችን አዲስ አበባን፣ አማራን፣ ኦሮሚያን፣ ትግራይንና ደቡብን ከሚያጠቃልሉ 20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል። ልጆቹ ከተፈተኑባቸው መንገዶች አንዱ ቃል እየሰሙ ከአራት ሥዕሎች ትክክለኛውን የሚያመለክቱበት ፈተና ነበር። ፈተናው የተሠራው በውጭ አገር ስለ ነበረ ወደ ልጆቹ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ተመራማሪዎቹም በተለያየ ቋንቋ የተፈተኑ ልጆችን ውጤት እርስ በርስ ማወዳደር እንደማያስተማምን ራሳቸው አሳስበዋል። ይህን ያህል ልምድ ያላቸው ሰዎች ከተጠነቀቁ እኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንፈርዳለን?

ብዙ ቋንቋ መስማት ልጅን ያደናግራል የሚሉ ወላጆችም ከአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደውን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያስታውሱ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ፤ በልጅነቱም ግዕዝ ተማረ። ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ተውኔት ጽፏል፤ በኋላም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፈ።

ከቋንቋው ሌላ ይሉኝታ አለ። «እንግዳ ሰው ሲያጋጥምዎ ቀድመው ያነጋግራሉ?» የሚል ጥያቄ ከውጭ አገር በመጣ ወረቀት ላይ ቢገኝ፣ በታላቅ ፊት ዓይኗን ዝቅ እንድታደርግ ተመክራ ያደገች የጊንጪ ልጅ «አላነጋግርም» ብላ ትመልሳለች። ወረቀቱ «ከሰው የምትሸሽ» ብሎ ይመዘግባታል፤ በቤቷና በሰፈሯ ግን «ጨዋ» ተብላ የምትመሰገነው በዚሁ ነው። ስለሆነም ማንኛውም መመዘኛ የተሠራበትን አገር ሥርዓት ይዞ እንደሚመጣ መዘንጋት አይገባም።

«የእከሌ አገር ሰው እንዲህ ነው» የሚለው ፍርድማ ከሁሉም የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ በ49 ባህሎች ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች «የእኛ ሕዝብ ጠባይ እንዲህ ነው» ብለው የሚናገሩትና በግለሰቦቹ ላይ በእርግጥ የተለካው ጠባይ እንደማይገናኝ አሳይቷል። ሰው ስለ ገዛ ወገኑ እንኳ ይህን ያህል ከተሳሳተ፣ ስለ ሌላው ወገን የሚናገረውን ልጆች ሰምተው እንዳይዙት መጠንቀቅ የወላጅ ፈንታ ነው።

ልጁንና ቤቱን ማስማማት

አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ አንድ ጥናት ጀምረው 133 ልጆችን ከሕፃንነት እስከ አዋቂነት ተከታተሉ። ሕፃናቱ ገና በጠዋቱ ይለያዩ ነበር። 40 በመቶ ያህሉ በሰዓቱ የሚተኙ፣ በሰዓቱ የሚጠቡና ለአዲስ ነገር የማይቸገሩ ነበሩ። 10 በመቶ ያህሉ ቶሎ የሚቆጡና እንቅልፋቸውም ሆነ ምግባቸው ሥርዓት የሌለው ነበር። 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ በአዲስ ሰውና በአዲስ ቦታ ፊት መጀመሪያ የሚያፈገፍጉ፣ ጊዜ ሲሰጣቸው ግን የሚለምዱ ነበሩ። የቀሩት 35 በመቶ ድብልቅ ነበሩ።

ሁለቱ ሐኪሞች የደረሱበት ዋና ነገር ግን ይህ አከፋፈል አይደለም። ልጁ ወደፊት መልካም ሆኖ ማደጉን የሚወስነው የጠባዩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ጠባዩና የቤቱ አያያዝ መስማማታቸው መሆኑን ተረዱ። ቀስ ብሎ የሚለምድ ልጅ በሚገፈትረው ቤት ይብሳል፤ በሚጠብቀው ቤት ይጎለምሳል። እንቅልፍና ዕረፍት የማያውቅ ልጅ ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢዘጋበት ያስቸግራል፤ እንዲሯሯጥ ከተፈቀደለትና ውሃ ቅዳ፣ ዕንጨት አቀብል ተብሎ ከተላከ ግን ረዳት ይሆናል። «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ከማለት ይልቅ «ይህ ልጅና ይህ ቤት የት ላይ አልተስማሙም?» ብሎ መጠየቅ ወደ መፍትሔ ያደርሳል።

የመምህራንም ግምት የራሱ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን በዕጣ የመረጧቸውን ልጆች «እነዚህ ዘንድሮ በትምህርታቸው ይገፋሉ» ብለው ለመምህራን ነገሩ፤ በተለይ በታችኛዎቹ ክፍሎች ካሉት አንዳንዶቹ በእርግጥ ገፉ ሲሉም ጻፉ። ውጤቱ ብዙ ክርክር ያስነሣ ሲሆን፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የግምት ኃይል እንደ ተወራው ትልቅ አለመሆኑን አሳይተዋል። ቢሆንም ጨርሶ የለም አላሉም። ልጅ በየቀኑ ከሚሰማው ስም ጥቂት በጥቂት ይወስዳል።

እናት በቤቷ ምን ታድርግ?

ባለሙያ ባይገኝ እንኳ ማንኛዋም እናት ልታደርገው የምትችለው ምርመራ አለ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ልጁ «ምን እንደ ሆነ» ሳይሆን «ምን እንዳደረገ» ይጻፉ። «ዛሬም ሰነፍ ሆነ» ሳይሆን «ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳውን ሳይበላ ተኛ» ብለው ይጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሲያነቡት ስንፍና ያሉት ነገር ድካም ወይም ረኃብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዝግቡ። ቁጣው ዘወትር ማታ ብቻ ነውን? ዝምታው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነውን? አንድ አባት ሲገባ ብቻ የሚታይ ጠባይ የልጁ ጠባይ ነው ወይስ የፍርሃቱ?

ሦስተኛ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ መምህሩን፣ አያቱን፣ የጨዋታ ጓደኛውን። ጥያቄዎም «ጠባዩ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ምን ሲያደርግ አይታችሁታል?» የሚል ይሁን።

አራተኛ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተናገረ ያስተውሉ። በአፋን ኦሮሞ ጠይቀውት፣ በአማርኛም ጠይቀውት ልዩነቱን ይዩ።

አምስተኛ፣ ሰውነቱን አይርሱ። «አይሰማኝም፤ እምቢተኛ ነው» የሚባል ልጅ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሊሆን ይችላል። «ትምህርት አይወድም» የሚባልም ሰሌዳው የማይታየው ሊሆን ይችላል። ጆሮና ዓይን በጤና ጣቢያ ሳይመረመሩ በጠባይ ላይ መፍረድ አይገባም። ተጫዋች የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ካለ፣ እንቅልፉ ከጠፋ ወይም ወደ አንድ ቤት መሄድን አጥብቆ ከፈራ፣ ነገሩን አመል ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ሕመም፣ ሐዘን ወይም የደረሰበት በደል ሊኖር ስለሚችል ሳይቆጡ ማዳመጥና ወደ ባለሙያ መውሰድ ያስፈልጋል። የሥነ ልቡና ትምህርት ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአምቦ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣልና ሙያው ለምዕራብ ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከቤት ውጭ ሠርታ ለምታድር እናትም ይኸው ይሠራል። በመሥሪያ ቤት የሠራተኛ ምዘና ወረቀት ላይ «ጠባይ» የሚል መስመር ሲያጋጥምዎ፣ «ተግባቢ አይደለችም» የሚል ፍርድ ቢሰጥዎ «የትኛው ቀን፣ በየትኛው ሥራ ላይ?» ብለው በትሕትና መጠየቅ መብትዎ ነው። እርስዎም የሌላውን ሠራተኛ ሲመዝኑ ይህንኑ ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ።

ሰው በአንድ ዕድሜው ተመዝኖ አያልቅም

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ሰብዕና በልጅነት ተሠርቶ የሚያበቃ ሳይሆን ከጡት እስከ እርጅና በስምንት ደረጃዎች የሚያልፍ መሆኑን አስረዳ። ይህ አሳብ ለምዕራብ ሸዋ ሰው አዲስ አይመስለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የገዳ ሥርዓት ሰውን በየስምንት ዓመቱ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያሸጋግራል። ከመጫ የገዳ ማዕከላት አንዱ የሆነው ኦዳ ቢስልም በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ይገኛል። በሥርዓቱ ከሕፃኑ የሚጠበቀው ከጎልማሳው አይጠበቅም፤ የጎልማሳውም ከሽማግሌው አይጠበቅም። የትናንቱ ተንከባላይ ልጅ ነገ ሸንጎ የሚቀመጥ ሰው መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ ቦታው ይጠበቅለታል።

እኛም በቤታችን ለልጆቻችን ይህንኑ ቦታ እንጠብቅላቸው። በአምስት ዓመቱ «ፈሪ» ያልነውን ልጅ በስምንት ዓመቱ እንደገና እንመልከተው፤ በአሥራ አምስት ዓመቱም እንዲሁ። በዚህ ሳምንት ከልጆችዎ ስለ አንዱ «እሱማ እንዲህ ነው» የሚል ቃል ከአፍዎ ሊወጣ ሲል ለአፍታ ያቁሙትና «ትናንት ምን ሲያደርግ አየሁት?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱን በደብተሩ ላይ ይጻፉት። የሚቀጥለውንም ቀን እንዲሁ።